ነፋስ የከለለች አድባር

ግራንቪክ፣ ስዊድን
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1987

ለተከበሩ አጎቴ ለአልጎት፣

የእርስዎን ደብዳቤ ባነበብኩ ቁጥር የሟቹን አባቴን ድምፅ የምሰማ ይመስለኛልና ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ቁልቁለቱ አስቸገረኝ ብለውኝ ነበር። ከተማዎ ሆባርት ያለ ቁልቁለት ሌላ የላትም ያሉኝም እርስዎው ነዎት፤ ታዲያ ሰው እንዴት ዕድሜውን ሙሉ ቁልቁለት ላይ ይኖራል? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሩኔ ጡረታ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ እግሬ ሥር ይርመሰመሳል። ድንቹ ዘንድሮ ሰጥቷል፤ እንጆሪውን ግን ዝናብ በላው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ያው ነው። ከግቢያችን በላይ ባለው ጉብታ ላይ የኒውክሌር ማመንጫው ያቆመውን የአየር ሁኔታ መለኪያ ምሰሶ እከታተላለሁ። የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ ዝናቡን፣ ብርዱንና ሙቀቱን አነባለሁ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ቀን ማመንጫው ክፉ ነገር ቢደርስበት ግን የሚያመልጠው መርዝ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ነፋሱ ነው። ለአውራጃው የአደጋ መምሪያ ስልክ ደውዬ "ወደዚህ ነው የሚሄደው" የምለው ደግሞ እኔ ነኝ። የትኛው መንደር ይውጣ፣ የትኛው መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጥ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ከቼርኖቤል ወዲህ ቀልድ የለም። ለየቤቱ የአዮዲን ክኒን ታድሏል፤ ልምምዱም በዝቷል።

በዚህ ወር መጀመሪያም አንድ ልምምድ ነበረን። የእሱን ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ብቻ ከልምምዱ በኋላ ከስቶክሆልም አንድ መርማሪ መጣና በግቢያችን መካከል ያለችው ትልቋ የሊንደን ዛፍ የምሰሶውን ነፋስ ስለምትከልል መቆረጥ አለባት አለ። ግቢው አባቴና እርስዎ ወርሳችሁት እስከ ዛሬ ያልተካፈላችሁት ነውና ግማሹ የእርስዎ ነው፤ ያለ ፊርማዎ አይሆንም። ወረቀቱን አብሬ ልኬዋለሁ። አይቸኩሉ፤ ግን ደግሞ አይቆዩብኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ጉንቮር


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ኦክቶበር 18 ቀን 1987

ለልጄ ለጉንቮር፣

ከዚህ ከዓለም ጠርዝ የተነሣ ሰላምታዬ ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ በደህና ያግኝሽ። ሩኔንም ሰላም በዪልኝ። እግርሽ ሥር ከሚርመሰመስ ጀልባ እንዲቀባ አድርጊው።

እዚህ ጸደይ ገብቶ ፖሙ አብቧል። አርባ ዓመት የፖም ዛፍ ስከረክም ኖሬ፣ አሁን መሰላል አጠገብ ከቆምኩ ልጄ ማርጆሪ ትቆጣኛለች። ስለዚህ ወንበር ተሰጥቶኝ ንቦቹን እቆጣጠራለሁ። ሥራቸውን በደንብ ያውቃሉ፤ እኔን አይፈልጉም።

ስለ ዛፏ ካነበብኩ ወዲህ ግን ያለሁት እዚህ አይደለም። እናቴ ሁላችንንም ስታምጥ ያንን ግንድ አቅፋ እንደነበር ነግሬሽ አውቃለሁ? አዋላጇ ወይዘሮ ቤዳ "አጥብቀሽ ያዣት፣ እሷ ትሸከምልሻለች" ትላት ነበር አሉ። የገና ዋዜማ እናቴ ጠላዋን ከሰው በፊት ለእሷ ሥር ነበር የምታፈስላት፤ አባቴ ጽዋውን ይዞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ከእሷ ቅርንጫፍ የሰበረ ዓመቱን በጤና አይጨርስም ይባላል። አባትሽ አንድ ጊዜ ቀንበጥ ቆርጦ ፉጨት ሠራባት። አባታችን በልጅ ላይ አርጩሜ ሲያነሣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አርጩሜውንም ጎረቤት ድረስ ሄዶ ነው የቆረጠው።

በሰኔ፣ በበጋው እኩሌታ በዓል ጠረጴዛው ከሥሯ ይዘረጋል። አዲስ ድንች በእንስላል፣ የጨው ዓሣ፣ እንጆሪ። ትንሽ ቆይታ ስታብብ ደግሞ ግቢው ማር ማር ይሸታል፤ አናታችን ላይ ንቡ ሲያጉረመርም አባታችን የማዕዱን ጸሎት መሐል ላይ ይረሳውና "አሜን" ብሎ ይገላገል ነበር። ሊንድ የሚለው የቤተሰባችን ስም ራሱ ከእሷ የወጣ ነው። አድባር ናት ልጄ። አድባር አይቆረጥም።

ምሰሶሽ የትናንት ልጅ ነው፤ እሱ ይነሣ። ነፋስ ትመዝኛለሽ አሉ። እኛ ጣታችንን በምራቅ አርሰን ነበር የምናውቀው፤ ደመወዝም አልተከፈለን።

ደግሞም በሚመጣው በጋችሁ እመጣለሁ። ያን ጊዜ አይተን እንነጋገራለን። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እስከዚያው የዛፏን ፎቶ ላኪልኝ።

አጎትሽ
አልጎት ሊንድ


ግራንቪክ
ኖቬምበር 29 ቀን 1987

ለተከበሩ አጎቴ፣

ዛሬ የገና ጾም መጀመሪያ እሑድ ነው። የመጀመሪያዋን ሻማ ለኩሰን ከሩቅ ያሉትን ወገኖቻችንን በስም ስናነሣ ቀድሞ የተጠራው የእርስዎ ስም ነው። ጤናና ሰላም ይስጥዎ።

ጀልባ እንዲቀባ አድርጊው ያሉትን ለሩኔ አነበብኩለት። ሳምንት ካኮረፈ በኋላ ቀለም ገዛ። አጎቴ በሚመጣው በጋ ይመጣሉ ብዬ ስነግረው ግን "የትኛው በጋ?" አለኝ። አይቀየሙት፤ እኛ ከተጋባን ጀምሮ እየጠበቀዎት ነው።

ፎቶውን ይኸው ልኬያለሁ። ቅጠሏ ከረገፈ በኋላ ስለሆነ ትንሽ ከስታለች።

አሁን የልምምዱን ነገር ልንገርዎት። ቀኑ ብራ ነበር። ከማመንጫው ጎን የጭስ ሻማ ለኮሱ፤ ጭሱ እንደ መርዙ ይቆጠራል። እኔ ቢሮዬ ሆኜ መለኪያውን አነበብኩና ስልኩን አነሣሁ። "መሬት አካባቢ ነፋስ የለም፤ አየሩ ቆሟል" አልኩ። ያልኩት መለኪያው ያሳየኝን ነው። መምሪያውም በዚያ ተነሥቶ የሳንዳ ትምህርት ቤት ልጆች ወደ ሜዳ ወጥተው አውቶቡስ ይጠብቁ አለ። ስልኩን ዘግቼ በመስኮት ሳይ ጭሱ ከደቡብ ምዕራብ በሚነፍሰው ነፋስ ተገፍቶ፣ ዛፋችንን በላይዋ ተሻግሮ፣ ወደ ሳንዳ ይሄዳል። መልሼ ስደውል መስመሩ ተይዟል። አውቶቡሶቹ ሲደርሱ ልጆቹ ጭሱ ውስጥ ቆመው፣ እየሳቁ፣ በኮፍያቸው ሲያባርሩት ነበር።

ጭስ ብቻ ስለነበር ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የምሰሶው የላይኛው መለኪያ ዛፏን አልፎ ስለሚያይ ደህና ነው። ልጆች በሚተነፍሱበት ከፍታ ያለውን የሚነግረን ግን የታችኛው ነው፤ እሱ በእሷ ጥላ ሥር ነው ያለው። ምሰሶው ይነሣ ያሉትንም ጠይቄያለሁ። ሌላው ጉብታ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፍበታል፤ የቀረው ዓለት ነው። ፈቃዱ፣ ቁፋሮው፣ አዲሱ ምሰሶ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሁለቱን ዓመት ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ አጎቴ።

ኩባንያው በእሷ ፈንታ ሃያ ችግኝ እተክላለሁ ብሏል። ይህን የጻፍኩት እንዲስቁ ነው።

ጉንቮር


ሆባርት
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1988

ለጉንቮር፣

አምላክ ከቤትሽ አይለይ። መልስ አዘገየሁ። የፖም ለቀማ ወቅት ነው ልልሽ አሰብኩ፤ ነገር ግን ለቀማው ሊጀመር ገና ነው፣ እኔም አልለቅምም።

ፎቶውን ማርጆሪ በገዛችልኝ አጉሊ መነጽር አየሁት። ትላልቆቹ ቅርንጫፎች አሉ። እኔና አባትሽ እንቀመጥባት የነበረችው ጉጥ አለች። ከአናቷ ብትከረከምስ ብዬ አስቤ ነበር። አይ፣ ተይው። አናቷ የተመታ ዛፍ በጎን እንደሚሰፋ ለሰው ሳስተምር ኖሬ አንቺን እንዲህ ብዬ አላሞኝሽም። በሦስተኛው ዓመት ከበፊቱ የባሰ ትከልላለች።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎቶው ግራና ቀኙ በመቀስ ተቆርጧል። ጠርዙን በጣቴ ዳስሼ ነው ያወቅሁት። በቀኝ በኩል የጀልባ ቤቱ መታየት ነበረበት፤ በግራ ጎተራው። ከኋላዋ ባሕሩ። ለምን ቆረጥሽው?

ከተኛሁበት ሳልነሣ በየማለዳው የምሄድበት ግቢ ነው። ከበሩ እገባለሁ፣ በጎተራው በኩል እዞራለሁ፣ ከሥሯ እቀመጣለሁ። ሰው በሚሄድበት ቦታ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት።

አልጎት


ግራንቪክ
ማርች 13 ቀን 1988

ለምወድዎት አጎቴ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡበት ቀን ለልብዎ የሚሸከመውን ብርታት ይስጥልኝ ብዬ ነው የምጀምረው።

የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መቀሱን ይዤ ወጥ ቤት ተቀምጬ አልቅሻለሁ። አባቴ በሕይወት እያለ "የግቢውን ለውጥ ለአልጎት አትጻፊለት፣ እሱ ዛሬም የሚኖረው በድሮው ግቢ ውስጥ ነው" ይለኝ ነበር፤ ከሞተም በኋላ ሳልጽፍልዎት ቀረሁ።

ጎተራው የለም። አባቴ በሞተ ክረምት በረዶ ተጭኖት ጣሪያው ወረደ፣ እኛም አፈረስነው። የጀልባ ቤቱ ቦታ የማመንጫው ሠራተኞች መኪና ያቆሙበታል። ሩኔ የሚቀባው ጀልባ ያለው መንደር ውስጥ ሰው ግቢ ነው። ከኋላዋ የሚታየው ባሕሩ ሳይሆን አጥሩና የጭስ ማውጫው ነው። እርስዎና አባቴ በበረዶ ላይ ትንሸራተቱበት የነበረው ወሽመጥ አሁን አይረጋም፤ ከማመንጫው የሚወጣው ሙቅ ውሃ የሚፈስበት እዚያ ነው። በጥር ዳክዬ ይዋኝበታል። ልጆቻችን እዚያ መንሸራተት አልተማሩም። የላይኛውን ሁለት ክፍል በየበጋው ለብየዳ ሠራተኞች እናከራያለን። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እራታቸውን ከእሷ ሥር ነው የሚበሉት።

እንግዲህ ከነበረው የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ፎቶው ላይ እሷን ብቻ የተውኩት። እኔም የጠየቅሁዎት የቀረችውን አንዲቷን ነው፤ ምን እንደጠየቅሁ አውቃለሁ።

ኩባንያው ገዝቷት ነው ብለው እንዳያስቡ። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ሐኪም ቤት ከመሄዴ በፊት ወጥቼ አቅፌያታለሁ፤ ሩኔ መኪና አስነሥቶ ጥሩምባ ሲነፋብኝ። የአባቴን ሬሣ ሳጥን ይዘን ስንወጣ በእሷ ዙሪያ አዙረን ነው የወሰድነው። ግን በየሦስት ወሩ የአደጋው ጥሩምባ ሲሞከር፣ ሙከራ መሆኑን እያወቅሁ፣ እጄ ስልኩ ላይ ይሄዳል። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሙከራ ያልሆነ ቀን መጥቶ "ነፋስ የለም" ማለቴን። የሳንዳን ልጆች አብዛኞቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ።

ከተቆረጠች ቅጠል ሳታወጣ፣ ወፍ ሳይሰፍርባት መሆን አለበት። እምቢ ካሉ ደግሞ እምቢ ይበሉኝ። መሳቢያ ውስጥ ነው አይበሉኝ እንጂ።

ጉንቮር


ሆባርት
በትንሣኤ ዕለት፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1988

ልጄ ጉንቮር፣

እንኳን ለበዓሉ አደረሰሽ። ለቤትሽ፣ ለሩኔ፣ ለልጆችሽ ደስታ ይሁን።

ደብዳቤሽን ማርጆሪ እንድታነብልኝ አልሰጠኋትም። ቋንቋውን አታውቅም፤ ቢሆንም ፊቴን አይታ ቀኑን ሙሉ ሾርባ እያመጣች አስመረረችኝ። ተናድጄብሽ ነበር። ጎተራውን አልነገርሽኝም። እኔ እኮ በየማለዳው በጎተራው በኩል ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከደብዳቤሽ ወዲህ ከበሩ እገባና የምሄድበት ይጠፋኛል።

ኋላ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ሳንዳ ትምህርት ቤት ነው። ክረምት ከአባትሽ ጋር ስንሄድ ነፋሱ ከጀርባችን ይገፋን ነበር፤ ስንመለስ ፊታችንን ይገርፈናል። አባትሽ ታላቄ ስለሆነ ፊት ፊቴ ይሄድልኝ ነበር፤ እኔ ኮቱን ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ እከተለዋለሁ። ያ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ነበር። ለካ ወዴት እንደሚነፍስ ከአንቺ ምሰሶ በፊት አውቀው ኖሯል። ጭሱ ውስጥ ቆመው የሚስቁት ልጆች ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፉም።

ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ አብሮ አለ። ማርጆሪም ምስክር ሆና ፈርማበታለች።

ሥሯ ላይ ጠላ አፍስሺላት። ደህናውን እንጂ ሱቅ የሚሸጡትን ውሃ አይደለም። ይቅርታ በያት፤ ሰው ቢሰማሽም አትፈሪ። ለማስታወሻ ብለሽ ቁራጭ እንዳትልኪልኝ፤ እዚህ ወደብ ላይ ከውጭ የመጣ እንጨት ያቃጥላሉ፣ እዚያ ሄጄ ከጉምሩክ ጋር የምጣላበት ጉልበት የለኝም።

አጎትሽ
አልጎት


ሆባርት
ኤፕሪል 17 ቀን 1988

ጉንቮር ሆይ፣

ሰላም ይብዛልሽ። ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ይህ ደብዳቤ ያኛውን መቅደም አለበት።

ፊርማዬን ይዘሽ አቁሚ። የምቃወም ሆኜ አይደለም፤ ቃሌ ቃል ነው። ግን ማርጆሪ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። ከፈረምኩ ወዲህ እህል አልቀምስ ብዬ ነበር። ትናንት መጥታ የአውሮፕላን ትኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "በየዓመቱ እሄዳለሁ ትላለህ፣ አሁን ሂድ። እኔም አብሬህ እመጣለሁ" አለችኝ። አባት ሆኜ መቆጣት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ለበጋው እኩሌታ እደርሳለሁ። ከሃምሳ ዓመት በላይ "እመጣለሁ" ስል የኖርኩት ሰውዬ በዚህ ዕድሜዬ ሻንጣ እየተገዛልኝ ነው።

እስከዚያ ብቻ ጠብቂኝ። አንድ ከሰዓት ከሥሯ ልቀመጥ። በማግስቱ መጋዙን የምይዘው እኔው ነኝ፤ ዛፍ እንዴት እንደሚወድቅ ካንቺ ሰዎች በላይ አውቃለሁ። ወፍ ሰፍሮባት ከሆነም ከወፎቹ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።

ደግሞ ማንም ጣቢያ ድረስ እንዳይቀበለኝ። ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቀና ካልኩ ዛፏ ትታየኛለች። እሷን እያየሁ እመጣለሁ።

አልጎት


ግራንቪክ
ሜይ 1 ቀን 1988

ለምወድዎት፣ ለማከብርዎት አጎቴ፣

ለመንገድዎ ፈጣሪ ይቅደምልዎ። ከዚህ በታች የምጽፈው መንገድዎን እንዳያስቀርብኝ እየለመንኩት ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። ዛፏ ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ተቆርጣለች። ፊርማዎ እንደደረሰ ነው የጠራኋቸው፤ ቡቃያዋ ሊፈነዳ ቀይ ቀይ ብሎ ነበርና መቆየት አልቻልኩም።

"ትጠብቅዎታለች" ብዬ ልጽፍልዎት አስቤ ነበር። እዚያው ሲደርሱ ይወቁት ብዬ። አንድ ጊዜ በመቀስ ያደረግኩትን ሁለተኛ በብዕር ማድረግ ከበደኝ።

እንዳዘዙኝ ጠላ አፈሰስኩላት፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ስቬያ ለገና የምትጠምቀውን ዓይነት ለምኜ። ይቅርታም ጠየቅኳት። ቆራጮቹ ሰሙኝ፤ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሩኔም ተከተለው። ወደ አጥሩ በኩል ወደቀች። ድምፁ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ብርሃን ነው ያስደነገጠኝ። ወጥ ቤታችን ውስጥ እስከ ምድጃው ድረስ ፀሐይ ገባ። ከተወለድኩ አይቼው አላውቅም።

ወደ ቢሮ ሄድኩ። የታችኛው መለኪያ ይዞራል። ከደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሳንዳ፤ ከላይኛው ጋር አንድ ቃል ሆኖ። ስልኩን አንሥቼ ለመምሪያው ተናገርኩ፤ የዘወትር ሪፖርት ነው፣ መዝግበው ዘጉት። እፎይ አልኩ። እፎይ በማለቴም አፈርኩ። ሁለቱንም ይወቁልኝ፣ እርስዎን ነው የማወያየው።

የሳንዳ ልጆች አሁን እውነተኛ ነፋስ አላቸው። እርስዎ ግን የሚመጡበትን ነገር አጥተዋል፤ ያሳጣሁዎትም እኔ ነኝ። ጎተራ የለም፣ የጀልባ ቤት የለም፣ ወሽመጡ አይረጋም፣ ዛፏም ወደቀች። ማርጆሪን ትኬቱን መልሺው ቢሏት አልፈርድብዎትም። እኔ ግን አይመልሱት እላለሁ። ድንቹን ቀደም ብዬ ዘርቻለሁ፤ ለበዓሉ ይደርሳል። ጠረጴዛውንም ግቢ ውስጥ እንዘረጋለን፤ ፀሐይ ቢያቃጥለን ኮፍያ እናደርጋለን።

ማንም አይቀበለኝ ብለዋል። አውቶቡሱ ጋ አልመጣም። ግን ከመታጠፊያው ቀና ሲሉ የሚያዩት ይኑርዎት። ግንዷ የነበረበት ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ዓይንዎ ደክሟልና ነጭ እለብሳለሁ፣ ሁለቱንም እጄን ወደ ላይ አነሣለሁ። ሩኔ ከአሁኑ አብደሻል ይለኛል። ይበለኝ። እስኪደርሱ ድረስ አላወርዳቸውም።

ልጅዎ
ጉንቮር